በእሾህ ላይ የቀረችው ጫጩት

ብዙነህ ሲደርስ ግራዝማች ጓንጉል ሞተው ነበር። አስከሬኑ መደቡ ላይ አልተዘረጋም። ማጅራቱና ተረከዙ ብቻ መደቡን ነክተው ወገቡ እንደ ደጋን ወደ ላይ ተለጥጧል። ጥርሱ ግጥም ብሎ፣ ከንፈሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ የሚስቅ ይመስላል። ከራስጌው የኮሶው ዋንጫ ተደፍቶ አተላው መሬቱ ላይ ደርቋል።

ጥቅምት 1960 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ብዙነህ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ ሰቆጣ አጠገብ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ በድሬሰርነት ሲሠራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የመንደሩ ሰው ግን «ሐኪም» ይለዋል። እንዲህ ያለ አሟሟት ከዚህ ቀደም አይቷል። ያየው ግን በሰው ላይ አልነበረም። በክረምቱ እብድ ውሻ በበዛ ጊዜ፣ በሥጋ እየተለወሰ በተጣለው ነጭ ዱቄት ስንቱ ውሻ እንዲህ ተለጥጦ ሲሞት ቆሞ ተመልክቷል። የተረፈውን ዱቄት እንዲያቃጥል የታዘዘውም፣ በመዝገቡ ላይ «ተቃጥሏል» ብሎ የፈረመውም እሱ ነው።

አላቃጠለውም። ከሁለት ሳምንት በፊት በወረቀት ጠቅልሎ ለአንዲት ሴት ሰጥቶታል። ያቺ ሴት አሁን ከመደቡ ግርጌ ተንበርክካ ፊቷን ትነጫለች፤ የሟቹ ሚስት ጥሩሐረግ ናት።

«ሐኪም፣ ምን ሆነው ነው?» አለ ጭቃ ሹሙ ደሴ።

ብዙነህ የሟቹን ክንድ ያዘና ወዲያው ለቀቀው።

«ልባቸው ነው» አለ። «ኮሶ ደካማ ልብ አይችለውም።»

ጥሩሐረግ ቀና ብላ አየችው። እሱ ዓይኑን ወደ ዋንጫው መለሰ።

ግራዝማች በዚያው ቀን ተቀበሩ። የገነዟቸው ቄሶች ግን የአስከሬኑን ወገብ ማቃናት አቅቷቸው ነበርና ነገሩ በጠበል ጠዲቁ ላይ ተወራ። ወሬው ረቡዕ ሰቆጣ ገባ። ሐሙስ ጠዋት የሰቆጣ ፖሊስ መቶ አለቃ ወልደ ገብርኤል ከበቅሏቸው ወርደው በጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሙ።

መቶ አለቃ የዋግ ተወላጅ ናቸው። ጠጉራቸው ሸብቷል፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ነው፤ ሰው ሲያናግሩ ከፊቱ ይልቅ እጁን ያያሉ።

«ሬሳውን ያየኸው አንተ ነህ፤ አብረኸኝ ትወጣለህ» አሉ። ብዙነህ ጋቢውን ሲያነሣ ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ ካለች ትንሽ ገንቦ ላይ ዐረፈ። «ማር ነው?»

«አዎን።»

«ነጭ ነው። ጥሩ ማር። ከየት አገኘኸው?»

«ከ… ከገበያ።»

«የዘንድሮ ማር ገበያ መውጣቱን አልሰማሁም ነበር» አሉና በቅሏቸውን ፈቱ።

ዳገቱን ሲወጡ ብዙ አላወሩም። ግማሽ መንገድ ላይ መቶ አለቃ እንደ ቀልድ፣ «ልብ ሰውን እንደ ደጋን ይለጥጠዋል እንዴ?» አሉ።

«አንዳንድ ጊዜ ያጋጥማል።»

«ሃያ ዓመት ሬሳ ሳይ አላጋጠመኝም። ምን ይደረግ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁ።»

ብዙነህ እጆቹን በጋቢው ስር ደበቀ።

የግራዝማች ግቢ በግራር እሾህ የታጠረ ነው። በውስጡ ሦስት ቤት አለ። ትልቁ የግራዝማች፣ መካከለኛው የእኅታቸው የእማሆይ አመተ ሥላሴ፣ ከታች ያለው የእማሆይ ልጅ የደርቤ ነው። ደርቤ አባቱ ከሞተ ጀምሮ በአጎቱ እጅ አድጎ የአጎቱን መሬት ሲያርስ የኖረ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው ጎልማሳ ነው።

መቶ አለቃ ከእማሆይ ጀመሩ።

«ኮሶውን የበጠበጡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔው ነኝ። ሰኞ ማታ ዘፈዘፍኩት፤ ሲነጋ አጥልዬ ለሚስቱ ሰጠኋት። የኮሶ ቀን ታውቀው የለ? ቤቱ ይዘጋል፤ ጠጪው ሰላምታም አይሰጥ፣ እንግዳም አይገባበት። እሷ ብቻ ናት የገባችው።»

«ማን ወቀጠው?»

«ደርቤ ነው እንጂ! የኔን እጅ ሪህ ይዞታል። የአጎቱን ኮሶ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወቅጠው እሱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወቅጦ፣ በጨርቅ ቋጥሮ ከምሰሶዬ ሰቀለልኝና ወደ ቆላው፣ ወደ ዝቋላ ወረደ። ፍየል ሊሸጥ። የተመለሰው ረቡዕ ነው፤ ለአጎቱ ቀብር እንኳ አልደረሰ፣ ወንድሜን አፈሩ ይቅለለው!»

«ቀምሰውት ነበር?»

«ኮሶ ይቀመሳል እንዴ ልጄ? ዓይንን ጨፍኖ መጨለጥ ነው እንጂ።»

«ከቋጠሮው የተረፈ ካለ ያሳዩኝ።»

«ደርቤ አቃጠለው። ሰው የሞተበት ኮሶ ቤቴ አያድርም አለ።» እማሆይ መቁጠሪያቸውን አጥብቀው ያዙ። «ልጄ አልነበረም። እኔ ነበርኩ፣ እሷ ነበረች። እኔ የእናቴን ልጅ ልግደል? ማን ቀረ እንግዲህ?»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ በኽምጣንጋ ብዙ ተነጋገሩ። ብዙነህ ቋንቋውን አያውቅም። ከወሬው መካከል «ሐኪም» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ሲወጣ ግን ሰማ።

ጥሩሐረግ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ሆዷ ገፍቷል። ከጭቃ ሹሙ ከደሴ ሰዎች አንዱ በበሯ ላይ ዱላውን ተደግፎ ይጠብቃታል።

«ከእጄ ጠጡ» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬስ መረረኝ አሉ። ኮሶ መቼ ጣፍጦ ያውቃል ብዬ ሳቅሁባቸው። መጨረሻ ያልኳቸው ይኸው ነው።»

«ሽማግሌ ለመቼ ተጠርቶ ነበር?»

«ለእሑድ። ርስቱን ለሆዴ ልጅ ሊናዘዙ።»

«ካልተናዘዙስ?»

«ያው ለደርቤ ነዋ። በፊት ሽማግሌ ፊት ለእሱ ብለውለት ነበር።»

መቶ አለቃ ሌላ አልጠየቋትም። ሲወጡ ብዙነህ ወደ ኋላ ቀረት አለ። ጥሩሐረግ ጠባቂዋ ፊቱን ሲያዞር ጠብቃ ወደ እሱ ተጠጋች።

«ሐኪም፣ ያን ነገር እኮ እኔ…»

«ምንም አልሰጠሁሽም» አላት በሹክሹክታ።

«ኧረ ይስሙኝ፣ እኔ እኮ…»

«ምንም! ሰማሽ? አንዲት ቃል ካወጣሽ የምትሰቀዪው አንቺ ነሽ።»

አፏን ዘጋች። ስትዘጋው የነበራት ፊት ከብዙነህ ዓይን ቀኑን ሙሉ አልጠፋም። ያስፈራራት ለእሷ አስቦ እንደ ሆነ ለራሱ ነገረው፤ ራሱ ግን አላመነውም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ያችን የማር ገንቦ አንጠልጥላ ስትመጣ የለመነችው ወፍ የምትገድልበት ነገር ነበር። አንዲት ወፍ ጫጩቶቿን ፈጀችባት። ወፏ ከድንቢጥ ትንሽ ብትበልጥ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ረጅም ጅራት ያላት፣ ምንቃሯ እንደ ጭልፊት የተቆለመመ። የያዘችውን ሁሉ እሾህ ላይ ሰክታ ስለምታቆይ የአገሩ ሰው «ሰቃይ ወፍ» ይላታል። ብዙነህ ይህቺ ታህል ወፍ ጫጩት ትገድላለች ሲባል አላመነም ነበር። ግን ማሩ ነጭ ነበር፤ ጥሩሐረግም ስትለምን ታሳዝናለች።

መቶ አለቃን ያገኛቸው ከታችኛው አጥር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው። ከአጥሩ ጫፍ ያቺው ወፍ ተቀምጣለች። በእሾሁ ላይ አንበጣ፣ ጥንዚዛ፣ አንድ የደረቀ እንሽላሊትና ሦስት ጫጩቶች ተሰክተዋል። ብዙነህ ወፏን ሲያይ ባለበት ቆመ። በሕይወት አለች። ድምቅ ብላ፣ ወዝታ፣ ጅራቷን ታወዛውዛለች። *ዋሽታኛለች ማለት ነው*፣ አለ በልቡ። *መርዙን የፈለገችው ለወፏ አልነበረም።*

ደርቤ ከቤቱ ወጥቶ መጣ።

«መቶ አለቃ፣ የሚፈልጉት ሰው የገደለ ነው ወይስ ወፍ?» አለ፤ ጥርሱን ለሳቅ ገለጥ አድርጎ።

«ይህቺም ነፍሰ ገዳይ ናት። ይቺ ግን የገደለችውን በአደባባይ ትሰቅላለች፤ ስለዚህ አንድ ቀን ሙሉ አልደክምባትም።»

ወፏ ድንገት ወደ ሣሩ ተወርውራ ወረደች፤ በምንቃሯ አንበጣ ይዛ ተመለሰች። አንበጣውን እሾህ ላይ አድርጋ ሁለት ጊዜ ሳበችው፤ ተሰካ። ከዚያ ከራሱ ጀምራ መብላት ያዘች።

«ከራስ ነው የምትጀምረው» አሉ መቶ አለቃ። «ራስና አንገት ትጨርስና የቀረውን ለነገ ታቆየዋለች። እነዚያን ሁለት ጫጩቶች እያቸው፤ አንገታቸው የለም። ሦስተኛዋስ፣ ያቺ እግሯ ላይ ቀይ ክር የታሰረባት? ዓይኗ ላይ አንዴ ነክታ ትታታለች። የማን ናት?»

«የኔ። በዚህ ግቢ ቀይ ክር የኔ ነው፤ የጥሩሐረግ ሰማያዊ ነው።»

«መቼ ወሰደችብህ?»

«ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ ዝቋላ ልወርድ ስል። ቆሜ እያየሁ! ድንጋይ ብወረውር ምን ሊጠቅም፣ ይቺ ሰይጣን።»

መቶ አለቃ ተነሡና ጫጩቷን ከእሾሁ ነቀሏት። ጣት የማታህል ናት፤ ሁለት እግሮቿ እንደ ስንጥር ቀጥ ብለው ደርቀዋል። አሸተቷት፤ በመሐረባቸው ጠቀለሉና ኪሳቸው ከተቱ።

«ነገ ሁላችሁንም እዚሁ እፈልጋችኋለሁ» አሉ። «ሐኪም፣ አንተ ምላጭህን ይዘህ ና።»

ዓርብ ጠዋት ሰው በአጥሩ ጥግ ተሰበሰበ። እማሆይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥሩሐረግ በደሴ ሰዎች መካከል ቆማለች፤ ደርቤ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሟል። በሰፌድ ላይ ያቺ ጫጩት ተቀምጣለች። ወፏ ከአጥሩ ጫፍ ወደታች ታያለች።

«ግራዝማች የሞቱት በልብ አይደለም» አሉ መቶ አለቃ። ብዙነህን አላዩትም። «ልብ ወገብ አይለጥጥም፤ መርዝ ነው። መርዝ ደግሞ ከኮሶ የተሻለ መደበቂያ የለውም። መራራውን መራራ ይሸፍነዋል፤ ሰውም ሳይቀምስ ይጨልጠዋል። ታዲያ ሁላችሁ ማክሰኞ ጠዋት ቤቱ የገባው ማነው ብላችሁ ሚስቱን ያዛችሁ። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እሑድ ርስቱ ለልጇ ሊሆንላት ነበር። አምስት ቀን ብትታገሥ ባለ ርስት ልትሆን፣ ማክሰኞ ገድላ ባዶዋን ትቀራለች? ይህን ጅልም አያደርገው።»

«ሴት መቼ አስባ ትሠራለች!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ሚስትህ ትስማህ» አሉ መቶ አለቃ፤ ጥቂቶች ሳቁ። «ሐኪም፣ የጫጩቷን ጉሮሮ ክፈትልኝ።»

ብዙነህ ተንበረከከ። ማንቁርቷን ሰነጠቀ። ከውስጡ የደረቀ ሊጥ ወጣ፤ በሊጡ ውስጥ ቀላ ያለ፣ የተወቀጠ አበባ ይታያል። ሽታውን ሁሉም ያውቀዋል።

«ምንድነው?»

«ኮሶ» አለ ብዙነህ።

«ጫጩት ኮሶ ትበላለች?»

«አትበላም።»

«በሊጥ ለውሰው ካልሰጧት በቀር! እግሯም እንደ ግራዝማች ወገብ ተለጥጦ ነው የደረቀው። ወፏ እንኳ ነክታ የተወቻት ለዚህ ነው። የተራበ አውሬ ያልበላውን ነገር ሳይ እኔ እጠይቃለሁ።» መቶ አለቃ ወደ ደርቤ ዞሩ። «አንድ ሰው መርዙ ከኮሶ ጋር መሥራቱን በጫጩት ሞከረ። ስትሞትለት አጥሩ ስር ጣላት፤ ወፏ አንሥታ ሰቀለቻት። መቼ? ቅዳሜ ጠዋት። ይህን የነገረኝ ማነው? አንተ። ቆሜ እያየሁ ወሰደቻት አልከኝ። ቅዳሜ ጠዋት በዚህ ግቢ የተወቀጠ ኮሶ የነበረው በማን እጅ ነው? እናትህን ጠይቅ። ቋጠሮው ከምሰሶው ሲሰቀል መርዙ በውስጡ ነበር። አንተ ማክሰኞ ዝቋላ መሆንህ ምንም አያጠራህም።»

ደርቤ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ከግቢው ኮሶ ማንም ይዘግናል። መርዝስ? እኔ ገበሬ መርዝ ከየት አመጣለሁ? ያንን ያሳዩኝ!»

«እውነትህን ነው» አሉ መቶ አለቃ። «እሱ ጎድሎኛል። መርዙ ከማን እንደ ወጣ፣ በማን እጅ እንዳለፈ አላውቅም። ያ ካልተገኘ ዳኛ ፊት ስቀርብ የያዝኩት አንዲት ጫጩት ነው፤ ዳኛውም ዋንጫውን ያቀረበችውን ሴት ያያል።»

ነፋሱ ግራሩን አንሿሿ። ብዙነህ ከሰፌዱ አጠገብ እንደ ተንበረከከ ነው። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ መዝገቡ «ተቃጥሏል» ይላል፤ ደመወዙም ስሙም በቦታው ይቀራል። ከተናገረ ደግሞ ወኅኒ ነው፤ ደግሞስ ሲናገር የሚያስይዘው እሷኑ አይደለም? ቀና ሲል ጥሩሐረግን አየ። እሷ እሱን አላየችውም። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ መሬቱን ታያለች፤ አፏን ልክ እንደ ትናንቱ ዘግታ።

«ከኔ ነው የወጣው» አለ።

«ጮክ በል» አሉ መቶ አለቃ።

«መርዙ ከኔ ነው የወጣው። የውሻ መርዝ ነው። አቃጥያለሁ ብዬ ፈረምኩ፤ አላቃጠልኩም። ለጥሩሐረግ ሰጠኋት፤ ወፍ ልትገድልበት ብላ። ማክሰኞ ልክ ስገባ አውቄዋለሁ። ልብ ነው ብዬ ዋሸሁ። ትናንት ልትናገር ስትል አፏን ያስዘጋኋትም እኔ ነኝ።»

ሕዝቡ ተንጫጫ። ደርቤ ዱላውን ከትከሻው አወረደ። «ይኸው! ሰማችሁ? ለእሷ ነው የሰጠ! ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?»

መቶ አለቃ እጃቸውን ወደ አጥሩ ዘረጉ።

«መርዙ የተፈለገው ለወፍ ነው። ወፏ ያቻት፤ ዛሬም አንበጣ ትሰቅላለች። ለወፏ አልተጣለም ማለት ነው። ጥሩሐረግ፣ ትናንት ለሐኪም ልትነግሪው የነበረውን አሁን ንገሪኝ። ወረቀቱን የት አደረግሽው?»

«ለደርቤ ነው የሰጠሁት» አለች። «ሂጂና ሐኪሙን ለምኚው፤ አንቺን እምቢ አይልሽም፤ ማር ያዢለት ያለኝ እሱ ነው። ባመጣሁት ቀን፣ አንቺ እርጉዝ ነሽ አትንኪው፣ እኔ በሥጋ ለውሼ ለወፏ አደርገዋለሁ ብሎ ከእጄ ተቀበለኝ። ትናንት ይህን ብናገር ማን ያምነኝ ነበር? ሐኪሙ ራሱ አልሰጠሁሽም አለ!»

ብዙነህ እነዚህን ቃላት ሲሰማ አንገቱን ደፋ። አንዲት ደቂቃ ቢታገሣት ኖሮ ሁሉንም ትናንት ትነግረው ነበር።

«ውሸት ነው!» አለ ደርቤ።

እማሆይ ከበርጩማቸው ተነሡ። ወደ ሰፌዱ ቀርበው ሊጡን በጣታቸው ነክተው አሸተቱ።

«ደርቤ» አሉ። «ረቡዕ ከመንገድ ስትገባ አጎትህ ሞተ አልኩህ እንጂ በኮሶ ሞተ አላልኩህም። ገና ጫማህን ሳታወልቅ ቋጠሮውን ከምሰሶዬ አውርደህ እሳት ውስጥ ጨመርከው። ሰው የሞተበት ኮሶ አልክ። ማን ነግሮህ ነበር ልጄ?»

ደርቤ እናቱን አየ፤ ከዚያ የአጎቱን ቤት አየ። ዱላው ከእጁ ወደቀ።

«አሥራ አምስት ዓመት አረስኩት» አለ። «ድንጋዩን በእጄ ለቅሜ ያቀናሁት እኔ ነኝ። ገና ላልተወለደ ሊሰጥብኝ!» ሌላም ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ እናቱ ፊታቸውን በነጠላቸው ሲሸፍኑ ግን ተወው።

ደሴ ራሱ አሰረው። ጥሩሐረግን የያዟት ሰዎች ለቀቋት፤ ወዴት እንደምትሄድ ስላላወቀች እዚያው ቆመች። በመጨረሻ እማሆይ መጥተው ክንዷን ያዙና ወደ ቤታቸው አስገቧት። ብዙነህ ሲያልፉ ይቅርታ ሊላት ቆሞ ነበር። እሷ ግን አልጠበቀችውም።

ከሰዓት በኋላ መቶ አለቃና ብዙነህ ጤና ጣቢያው ደረሱ። መቶ አለቃ መዝገቡን ከመሳቢያው፣ የማሩን ገንቦ ከመደርደሪያው አውርደው ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። ወረቀትና ብዕር አወጡ።

«ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር?» አለ ብዙነህ።

«ማሩን ሳይ ጠረጠርኩ። ዋግ ውስጥ ነጭ ማር በጥቅምት ለመንግሥት ሠራተኛ በከንቱ አይመጣም። ግን ተጠርጥሮ የሚናገርና ራሱ የሚናገር እንዴት አንድ ይሆናል?» የገንቦውን ክዳን አነሡ፤ ጎንበስ ብለው አዩ። «ስትቀበላት ሙሉ ነበረች?»

«ሙሉ ነበረች።»

«አሁን ከግማሽ በታች ናት።»

«አዎን።»

«ለምስክርነት ስለምትቀርብ መጻፍ አለብኝ። የቀረው የት ሄደ?»

ብዙነህ ገንቦዋን አየ። በጠርዟ ላይ የጣቱ ምልክት አሁንም አለ።

«በላሁት» አለ። «ጻፉት፣ መቶ አለቃ። በላሁት።»